የነብሮ ክር

በዚያ የገበያ ቀን በሐጂ እንድሪስ መጋዘን ደጃፍ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። የመጋዘኑ ጌታ ሐጂ እንድሪስ ተስቢሃቸውን እየቆጠሩ በሩ ላይ ቆመዋል። ጎረቤታችን ጠላ ሻጯ እትዬ ጦቢያ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠዋል። ለዘመቻ ከአዲስ አበባ የመጣው ተማሪ ግርማ ግድግዳውን ተደግፏል። ከደሴ በጭነት መኪና የመጡት ወይዘሮ አስካለ የመንገዱን አቧራ ሳያራግፉ መሐላችን ቆመዋል። እኔ ይመር ነኝ፤ ያን ጊዜም የመጋዘኑ ሠራተኛ ነበርኩ። እግሬ ሥር ነብሮ የሚባለው ውሻ ነበር። አንዲት ሌላም ነበረች፤ እሷን ግን ተራዋ ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ መካነ ሰላም፣ ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ነው። እኔ ወሬ የማበዛ ሰው አይደለሁም። ይህን ግን ሳልጽፈው ብቀር ይቆጨኛል። በአንድ ውሻ ምክንያት "አደራ በላ" ልባል አንድ ሐሙስ ቀርቶኝ ነበር። በእኛ አገር ይህ ስም አንድ ሰው ላይ ከተለጠፈ እስከ ልጅ ልጁ ይከተለዋል።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ክፉው ቀን ገና አላለፈም ነበር። ለተራበው የሚላከው ስንዴ የሚራገፈው ሐጂ መጋዘን ስለነበር ከበሽሎ ቆላ የሚወጣው ሕዝብ ደጃፋችን ላይ ይሰለፋል። የእኔ ሥራ ጆንያ መደርደርና በቁና መስፈር ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግድግዳ ላይ ከተለጠፉ አሮጌ ጋዜጦች ለራሴ ለቃቅሜያለሁ።

ወይዘሮ አስካለ ከመጋዘኑ አጥር ጎን ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ በነበረው ክረምት መግቢያ ወይዘሮ አስካለ ደሴ እህታቸው ዘንድ ሄደው ሲመለሱ ቡችላ ይዘው መጡ። የቡችላውን እናት እህታቸው ከአስመራ፣ ከአንድ ጣሊያን ቤት እንዳመጧት ነገሩን። እናቲቱ ደሴ ስለቀረች እኛ አይተናት አናውቅም።

ቡችላው ጥቁር ነው፤ ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ቡናማ ነጠብጣብ አለው። ጆሮዎቹ እንደ ሌሊት ወፍ ጆሮ የቆሙ ናቸው። እግሮቹ እርሳስ ቢያክሉ ነው። ወይዘሮ አስካለ ባዶ ጣሳ ውስጥ ሲያስቀምጡት ከአንገቱ በላይ ብቻ ይታይ ነበር። ስሙን ነብሮ አሉት።

ብዙም ሳይቆይ ባለቤታቸው ባስቸኳይ ወደ ደሴ ተጠሩ። ጊዜው የሹም ሽር ነበርና የተጠራ ሰው መመለሱን አያውቅም። ወይዘሮ አስካለ ዕቃቸውን ለሚያምኑት ሰው ሁሉ አደራ ሰጡ፤ አልጋውን ለአንዱ፣ ሣጥኑን ለሌላው፣ ላሚቱን ለአንድ ባላገር። ነብሮ ግን ተቅማጥ ይዞት ነበር። በዝናብ፣ በጭነት መኪና ላይ ደሴ አይደርስም። ስለዚህ እትዬ ጦቢያን አስከትለው ወደ እኔ መጡ። አደራ ያለ ምስክር አይሰጥም።

"ይመር፣ ስትሰፍር አይቼሃለሁ፤ እጅህ አይሰርቅም" አሉኝ። "እስክመለስ አሳድግልኝ። ቴሪየር የሚሉት የፈረንጅ ዘር ነው። ሲያድግ ታየዋለህ።"

እሺ አልኩ። እትዬ ጦቢያ "ምስክር ነኝ" አሉ። መኪናው ሄደ።

ስህተታችን የጀመረው ከዚህ ነው። በእኛ ዘንድ የፈረንጅ የተባለ ነገር ሁሉ ትልቅ ነው። የፈረንጅ ዶሮ የሀበሻዋን እጥፍ ታክላለች። የፈረንጅ ላም በእኛ በረት በር አትገባም ይባላል። ፈረንጁ ራሱ መንገድ ሊቀይስ የመጣ ጊዜ ከመሐላችን አንገቱ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። ስለዚህ የፈረንጅ ውሻ ጥጃ ያክላል ብለን፣ እኔም ሐጂም እትዬ ጦቢያም፣ ያለ ጥርጥር አመንን።

በዚህ እምነት ቤት ሠራሁለት። ከባሕር ዛፍ ፍልጥ ገጥሜ፣ ሣር ከድኜ፣ በሩን ጥጃ አጎንብሶ የሚገባበት አደረግሁት። ከበሬ ጠፍርም የአንገት ማሰሪያ አስቆረጥኩና ወደፊት እየላላ እንዲሄድ ብዙ ቀዳዳ አስበሳሁበት። ነብሮ ከቤቱ አንዱ ጥግ ጥቅልል ብሎ ሲተኛ በሌላው ጥግ የእትዬ ጦቢያ ዶሮ ገብታ እንቁላል መጣል ጀመረች።

ሐጂ በመጀመሪያ አልተስማሙም። የውሻ ምራቅ ለሳቸው ነጃሳ፣ ርኩስ ነው። ጥቂት አስበው ግን ለጥበቃ ከሆነ ይፈቀዳል አሉና ሕጋቸውን አስቀመጡ። ሱቅ አይገባም፤ ጆንያ አይልስም፤ ሚዛኑ አጠገብ ድርሽ አይልም። የመጨረሻውን ሕግ ሲናገሩ ቀና ብለው አዩኝ።

"በክፉ ቀን የሰው ጉርሻ ለውሻ አይሰጥም። ከዚህ ስንዴ አንዲት ፍሬ አፉ ብትገባ እኔ ባላይ አላህ ያያል።"

ይህን ሳይነግሩኝም አውቀው ነበር። ሰልፉን በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ። ለሕመሙ ጤና አዳም የተቀቀለበት ውሃ አጠጣሁት። ሲሻለው ሥጋ ቤቱ የሚጥለውን አንጀት እያጠብኩ ሰጠሁት። መካነ ሰላም ብርዱ የዋዛ አይደለም፤ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ያልተፈተለ የበግ ጠጉር ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቄ አነጠፍኩለት። የወተት ጥርሱ ሲወልቅ አንዷን መሬት ላይ አገኘኋት። እንደ ልጅ ጥርስ ጣሪያ ላይ ወረወርኳት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ዛሬ ነው የምናገረው።

ማደጉን ማወቅ ነበረብኝ። አደራ የተባልኩት እንዳሳድገው ነው፤ በግምት አሳድጌዋለሁ ማለት ደግሞ አልወድም። ሚዛን ስለተከለከልኩ በክር ለካሁት። ጠንካራ የጥጥ ፈትል አጠንፌ ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን አዞርኩና ክሩ በተገናኘበት ላይ ቋጠርኩ። ከዚያ በየወሩ የሚካኤል ዕለት፣ ጠዋት ሳይበላ፣ በዚያው ክር ለካሁት። በአንዱ ቋጠሮና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት የወሩ ዕድገት ነው። በነሐሴ የአውራ ጣቴን ስፋት ያህል ጨመረ። በመስከረምም እንዲሁ። ክሩን መጋዘኑ ውስጥ ሚስማር ላይ እሰቅለው ነበር። ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ ምግቡ የሚያሙኝ አልጠፉም። ሰው በሚራብበት ይመር ውሻ ያደልባል ይባል ነበር። ይህን ወሬ የዘጋው ነብሮ ራሱ ነው።

ስንዴው ሲበዛ አይጥ መጋዘኑን ወረረችው። ድመት አስመጣን፤ ከተደረደረው ጆንያ መሐል መግባት አቃታት። አንድ ቀን ሕዝቡ ተሰልፎ እኔ ስሰፍር ከክምሩ ሥር ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማን። ነብሮ አይጥ ነክሶ፣ የኋሊት እየጎተተ፣ አቧራ ለብሶ ወጣ። አይጧ ከሱ ብዙም አታንስም። እንደ ጨርቅ አራገፋትና ፀጥ አደረጋት። ያን ጊዜ ከሰልፉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያልሰማሁትን ነገር ሰማሁ፤ ሰው ሳቀ። ከቆላ የመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው አዩትና "ልጄ፣ ይኼስ ሠርቶ ነው የሚበላ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ነብሮ የበላው ያደነውን ነው። ለድመቷ የጠበበው ክፍተት ለሱ ሰፊ መንገድ ነበር። ሐጂም ጠዋት በሩን ስከፍት "ያ ሰውዬ ስንት ጣለ?" ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ስሙን ጠርተውት ግን አያውቁም።

ጭንቁ የመጣው በታኅሣሥ ነው። በሚካኤል ዕለት ክሩን አዞርኩ፤ ቋጠሮው በፊተኛው ቋጠሮ ላይ ወደቀ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩ፤ ያው ነው። በጥርም ያው። በየካቲትም ያው። ነብሮ አውራ ዶሮ አከለና ቆመ። ማሰሪያው ላይ ካስበሳኋቸው ቀዳዳዎች የተጠቀምኩት የመጀመሪያዎቹን ብቻ ነበር።

በዚያ ዘመን አላድግ ያለ ነገር ምክንያቱ አንድ ነው፤ ረሃብ። ሰልፉ ላይ የማያቸው ልጆች ይህን አስተምረውኛል። የአራት ዓመቱ የሁለት ዓመት ልጅ ይመስል ነበር። ስለዚህ የከተማው ሰው አንዱ ይመር አስርቦት ነው ሲል፣ አንዱ ቡዳ በልቶታል ሲል፣ ሌላው ለውሻው የተተወለትን ቀለብ ራሱ በልቶት ነው ሲል እየሰማሁ ጆንያዬን እደረድር ነበር። ቀለብ እንዳልተተወልኝ አውቃለሁ። እንዳልተራበም አውቃለሁ፤ ሆዱ ጥብቅ፣ ጠጉሩ እንደ ቅባት የሚያበራ ነበር። ክሩ ግን አላድግም ይለኛል።

ግርማ ከጓደኞቹ ጋር የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። ለክፉ አይሰጥም፤ ቀልድ ይወዳል። ነብሮን አይቶ፣ እኛ ዕድገት በኅብረት ብለን ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተን ይኼ አድሃሪ ብቻውን አላድግ አለ ይል ነበር። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ከእኔ ይልቅ የተጨነቁት እትዬ ጦቢያ ናቸው። ምስክር ናቸውና ነውሩ እሳቸውንም ይነካል። አንድ ቀን ከብት ያደልባል ብለው የጠላ አተላ በገንቦ ይዘው መጡ። ነብሮ ወደደው። ጠጥቶ ሲያበቃ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ በጎኑ ወደቀ፤ እስከ ማታ እያንኮራፋ ተኛ። ሐጂ ከሶላት ሲመለሱ አዩት። ነገሩን ስነግራቸው ተስቢሃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

"ውሻ መሆኑ ሳያንስ ሰካራም አደረጋችሁብኝ?" አሉ።

በግንቦት አንድ የኩታበር ነጋዴ ወይዘሮ አስካለ ለመጪው የገበያ ቀን እንደሚመጡ ወሬ ይዞ መጣ። ባለቤታቸው ከሥራ ወጥተዋል፤ እሳቸው የተረፈ ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ነው አለ። በዚያው ቀን እትዬ ጦቢያ ወደ መጋዘኑ መጥተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

"አንተ ይመር፣ ስማኝ" አሉ። "ይኸው የኩታበሩ ሰውዬ ጥቁር ቡችላ አለው። ዓይኑ ላይም ነጠብጣብ አያጣም። ገና ቡችላ ነው፣ ከጉልበቴ ደርሷል። እሱን ስጣት። ዓመት ሙሉ ያላየችውን ውሻ በምን ትለየዋለች?"

"ነብሮስ?" አልኩ።

"እሱን ማን አየው? ጆንያ ሥር ይኖራል፤ እዚያው ይኑር። አንተ ብቻ የምትዋረድ መሰለህ? እኔ ምስክር ነኝ እኮ።"

ቡችላውን ሄጄ አየሁት። እውነታቸውን ነው፤ ይመስላል። ክፉም ውሻ አልነበረም። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ለወይዘሮ አስካለ ትልቅ ውሻ ብሰጣቸው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ ስሜም ይተርፋል። ነብሮ ደግሞ ከእኔ ጋር ይቀራል። ይህ የመጨረሻው ነገር በጣም አማረኝ። ያማረኝ መሆኑ ነው ያስፈራኝ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ጦቢያ ዘንድ ሄድኩና "የተቀበልኩት እሱን ነው፤ የምመልሰውም እሱኑ ነው" አልኳቸው። እንደ ፈለግህ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እስከ ገበያው ቀን አላነጋገሩኝም።

ቀኑ ደረሰ። ወይዘሮ አስካለ ከመኪና ሲወርዱ በመጀመሪያ አላወቅኳቸውም። ከስተዋል። ጋቢያቸውን በደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። እኛ ዘንድ ከመምጣታቸው በፊት ወደ ሌሎቹ ዞሩ። አልጋው የለም ተባሉ። ሣጥኑ በግርግሩ ጊዜ ጠፋ ተባሉ። ላሚቱ ሞተች ተባሉ። በመጨረሻ ወደ መጋዘኑ መጡ፤ በመግቢያዬ የጠራኋቸው ሰዎችም ያን ጊዜ ነው የተሰበሰቡት።

እትዬ ጦቢያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ነብሮን በማሰሪያው ይዤ ከውስጥ አወጣሁት። ጠዋት አጥቤዋለሁ። ከእግሬ ሥር ቁጭ አለ።

"ያደገው ይኼን ያህል ነው እትዬ" አልኳቸው። "ከዚህ አላልፍ አለኝ።"

ወይዘሮ አስካለ ቀረብ አሉ። ጎንበስ ብለው ነብሮን ከጆሮው እስከ ጅራቱ አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። ከውስጥ አንዲት ጥቁር ራስ ብቅ አለች። ጆሮዎቿ የሌሊት ወፍ ጆሮ ናቸው፤ ከዓይኖቿ በላይ ሁለት ቡናማ ነጠብጣብ አለ፤ አፏ አካባቢ በእርጅና ሸብታለች። መሬት ላይ አስቀመጧት። የነብሮ እናት ናት። እህታቸው ወደ አስመራ ሲመለሱ ለሳቸው ትተውላቸው ነው።

እናትና ልጅ ተሻተቱ። እናቲቱ አንገቷን አንጋጣ ልጇን ታየው ነበር።

ከዚያ ሐጂ ቀስ ብለው "ሱብሐነላህ" አሉ። ግርማ በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ መሬት ተቀመጠ፤ ሳቁ ትንፋሽ አሳጣው። እትዬ ጦቢያ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱና "እንግዲያ እኔ አምስት ወር በምን ምክንያት ነው እንቅልፍ ያጣሁት?" አሉ። የጠየቁት ማንን እንደሆነ አላወቅኩም።

"ምን ያህል ያድጋል ብለህ ነበር?" አሉኝ ወይዘሮ አስካለ።

በእጄ የውሻውን ቤት አሳየኋቸው። በሩን አዩ። በሩ ላይ የቆመችውን ዶሮ አዩ። ሳቁ፤ ሲስቁ እንባቸው መጣ፤ እንባው ከሳቁ በኋላም አልቆመም። ነብሮን ከመሬት አንስተው ደረታቸው ላይ አደረጉት።

"ስንት ነገር አደራ ሰጥቼ ሄድኩ" አሉ። "የተመለሰልኝ ይኼ ብቻ ነው።"

እኔም የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ገብቼ ክሩን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ በእናቲቱ ደረት ላይ አዞርኩት። ከነብሮ የመጨረሻ ቋጠሮ በሁለት ጣት ያህል ጎደለች። ክሩን እንደያዝኩ ለወይዘሮ አስካለ አሳየኋቸው።

"ከእናቱ አስበልጠኸዋል" አሉኝ።

እነሆ፣ በሕይወቴ የተነገረኝ ትልቁ ምስጋና ይህ ነው። በክፉ ቀን፣ ከሰው አፍ ሳልነጥቅ፣ የተሰጠኝን ከተሰጠኝ ዘር በላይ አሳድጌያለሁ።

ርክክቡም በወጉ ሆነ። እትዬ ጦቢያ ከድንጋዩ ተነሥተው መሐላችን ቆሙና "ተረከብሽ?" ሲሉ ጠየቁ። "ተረከብኩ" አሉ ወይዘሮ አስካለ። "ምስክር ነኝ" አሉ እትዬ ጦቢያ፤ ድምፃቸው ገበያው መሐል ድረስ ይሰማ ነበር። መኪናው ሲነሳ ነብሮ ከጋቢው ውስጥ እኔን እያየ ሄደ። አልተከተልኩትም። ጆንያ የሚደረደር ነበር።

ከሳምንት በኋላ ጠዋት በሩን ስከፍት ሐጂ ከውስጥ የአይጥ ኮሽታ ሰሙ። ጥቂት ቆመው አዳመጡ። "ያ ሰውዬ ደህና ደረሰ ይሆን?" ብለው ጠየቁኝና መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ሱቃቸው ገቡ።

ዛሬም እዚያው መጋዘን ነው የምሠራው። የከተማው ሰው ለሩቅ መንገድ ሲነሳ ቁልፉን፣ ዶሮውን፣ አንዳንዴም የልጁን ክርስትና ልብስ እኔ ዘንድ ያስቀምጣል። ለምን ይመር ዘንድ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ሲገኝ እትዬ ጦቢያ የነብሮን ነገር ይተርኩለታል። ስለ ኩታበሩ ቡችላ ግን አያነሱም፤ እኔም ይህን የጻፍኩት እሳቸው ራሳቸው ጻፈው ብለውኝ ነው። ውሻውን መልሻለሁ። ክሩን ግን የጠየቀኝ ስለሌለ አሁንም ሚስማሩ ላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። የእናቲቱን ስም ያን ቀን መጠየቅ ረሳሁ። ግርማ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ አጠገቧ ተቀምጠህ ስትዳስሳት አይቼሃለሁና ምናልባት ሰምተህ ይሆናል። ወይዘሮ አስካለም ካነበቡት ነብሮ ከዚያ ወዲህ ጨምሮ እንደሆነ ቢጽፉልኝ ደስታዬ ነው። በልኩም ላይ ክርክር አለብን። እኔ እናቲቱ የጎደለችው ሁለት ጣት ነው እላለሁ። እትዬ ጦቢያ ሦስት ነው ብለው ይምላሉ። በዚያ ቀን ገበያ ወጥታችሁ በመጋዘኑ ደጃፍ ያለፋችሁና ያያችሁ ካላችሁ ትክክሉን ጻፉልን። ሦስት ከሆነ እኔን አይከፋኝም።